የአገር ጉብኝት ታሪክና የጐብኚው ዕዳ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ የሌላውን አገር ለማየት መመኘቱ ዛሬ የመጣ ጠባይ አይደለም። ነጋዴው ስለ ትርፍ፥ መነኵሴው ስለ በረከት፥ ተማሪው ስለ ዜማና ስለ ቅኔ፥ መልእክተኛውም ስለ መንግሥት ጉዳይ ከአገር አገር ሲዞር ኖሯል። ነገር ግን ሳይነግድ፥ ሳይሳለም፥ ሳይማርና ሳይላክ፥ ለማየት ብቻ በማለዳ ወጥቶ ማታ የሚመለስ መንገደኛ በዓለም ታሪክ የታየው በቅርብ ዘመን ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዞ የሙሉ ቀን ጉብኝት ይባላል። በአውሮጳ ታላላቅ ከተሞች፥ በሎንዶንም ቢሆን በፓሪስ፥ በሮማም ቢሆን በቪየና፥ እንግዳው ዋጋውን ከፍሎ በጧት ከአውቶቡስ ይሳፈራል፤ አስጐብኚው ከፊት ቆሞ በድምፅ ማጕያ ይናገራል፤ ግንቡ፥ ቤተ መንግሥቱ፥ ቤተ ክርስቲያኑና የጦር ሜዳው በየተራ ሲታይ ይዋላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም እንግዳው በተሳፈረበት አደባባይ ተመልሶ ይወርዳል።

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ለስብሰባ፥ ለትምህርት ወይም ለሥራ ልምድ ወደ ውጭ አገር ተልኮ እንዲህ ያለ ቀን ያሳለፈ ብዙ ነው፤ ያላሳለፈውም ተማሪ ወይም መምህር ነገ ዕድሉ ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ የዚህን ጉዞ ታሪክ ባጭሩ መርምረን፥ ከእኛ በፊት የነበሩት ኢትዮጵያውያን እንዴት አድርገው እንዳዩ፥ ካዩትም ለአገራቸው ምን ይዘው እንደተመለሱ ብናስታውስ ጥቅም ይኖረዋል ብለን አስበናል። የጽሑፋችን ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው፥ በሌላ ሰው መሪነት የሚያይ ሰው የሚያየው ምንድን ነው? ሁለተኛውም፥ ያየው ነገር የማን ገንዘብ ነው? እኛ የምሥራቅ ጎጃም የየጥኖራ ተወላጆች እንደ መሆናችን ይህን ጥያቄ ለማንሣት የተለየ ምክንያት አለን፤ እርሱንም በቦታው እንገልጸዋለን።

የሙሉ ቀን ጉብኝት አባት ተብሎ የሚጠራው ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በሥራው አናጢ፥ በእምነቱም የመጠጥ ጠላት ነበር። በ1833 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ፥ ማለት እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1841፥ 500 ያህል ሰዎችን በአንድ ሽልንግ ሒሳብ በባቡር አሳፍሮ ከሌስተር ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ላፍቦሮ ወሰዳቸው። ዓላማው ሕዝቡ በበዓል ቀን ከመጠጥ ቤት ርቆ በንጹሕ አየር ስለ መጠጥ ክፋት የሚነገረውን ንግግር እንዲሰማ ነበር። ነገር ግን ባቡር፥ ቁርጥ ዋጋና የተዘጋጀ ፕሮግራም በአንድነት ሲገኙ ሕዝብ ለመጓዝ ምን ያህል እንደሚጓጓ በዚያ ቀን ታወቀ። ኩክ ከዚያ በኋላ መንገደኞቹን ወደ ስኮትላንድ፥ ወደ ፓሪስ፥ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ዘመንም ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም መራ። አስቀድሞ ለመሳፍንትና ለባለጸጎች ልጆች ብቻ የነበረው አገር የማየት ዕድል በዚህ መንገድ ለመምህሩ፥ ለጸሐፊውና ለባለ ሱቁ ደረሰ።

ይህ ታላቅ በጎ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ነገር አብሮት መጣ። የጥንቱ መንገደኛ በእግሩ ወይም በበቅሎ ሲሄድ ጭቃውንም፥ ድኻውንም፥ ቀራጩንም፥ በሽተኛውንም ሳይወድ ያይ ነበር። የሙሉ ቀን ጐብኚ ግን የሚያየው የተመረጠውን ነው። አስጐብኚው ቀኑ አጭር ስለ ሆነ ይመርጣል፤ ሲመርጥም ያማረውን ይመርጣል። ይህ የአስጐብኚው በደል አይደለም፤ እኛም በቤታችን እንግዳ ሲመጣ የምናስገባው ወደ እልፍኝ እንጂ ወደ ማድቤት አይደለም። ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ልብ እውነተኛ ፍርድ እንዲፈርድ ግን ዓይን ያላየው እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የአገራችን መኳንንት ይህን በከባድ ዋጋ ተምረዋል። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ፥ ደጃዝማች መኰንን፥ በኋላ ራስ መኰንን፥ የዳግማዊ ምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ሄዱ። በሮማ ንጉሥ ኡምቤርቶ በክብር ተቀበሏቸው፤ በየከተማው እየተወሰዱም ፋብሪካውን፥ የጦር መሣሪያ መሥሪያውንና ሠራዊቱን አዩ። ይህ ሁሉ እንግዳን ደስ ለማሰኘት ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ያየ እንዲፈራ፥ የፈራም እንዲታዘዝ የታሰበበት ነበር። በመካከሉም በመስከረም ወር 1882 ዓ.ም. በናፖሊ ከተማ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። በዚህም ውል የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ከተስፋ ጋር ሲቀርብ፥ ወሰንን የሚመለከተው አንቀጽ ግን «በእጅ የተያዘ» በሚል መሠረት የተጻፈ ስለ ነበር፥ ኢጣልያኖች ከአፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ በሰሜን የያዙትን መሬት ለማጽደቂያ ፈለጉት።

ይሁን እንጂ ራስ መኰንን በዓይናቸው ያዩት ኃይል አላስደነገጣቸውም። ይልቁንም የአውሮጳን ኃይል መጠንና ወሰን ከሚያውቁት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ አደረጋቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ በአምባ አላጌና በመቀሌ፥ በመጨረሻም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፉት መኰንን የጠላታቸውን አገር አይተው የተመለሱት መኰንን ናቸው። ያሳያቸው ሰው ለማስፈራራት ያሳየውን፥ ያዩት ሰው ለመዘጋጃ ወሰዱት። ጐብኚው ከአስጐብኚው አሳብ ነፃ ሆኖ ማየት ይችላል ስንል ማስረጃችን ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስፋት ያለውና የእኛን አገር ጎጃምን በቀጥታ የሚነካው ጉብኝት ግን የ1916 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ከአራት ወር በላይ በቆየ ጉዞ ኢየሩሳሌምን፥ ካይሮን፥ ፓሪስን፥ ብሩሴልን፥ ስቶክሆልምን፥ ሮማን፥ ሎንዶንን፥ አቴናንና ሌሎችንም ከተሞች ጐበኙ። አብረዋቸው ከተጓዙት መካከል የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የትግሬው ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ፤ ደራሲው ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ከተጓዦቹ አንዱ ነበሩ። ታላላቆቹ መሳፍንት አብረው የተወሰዱት ለክብር ብቻ ሳይሆን፥ ባልጋ ወራሹ አለመኖር አንዳች ሁከት እንዳይነሣ ጭምር ነው ብለው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

አልጋ ወራሹ የጉዟቸውን ምክንያት በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ገልጸውታል። አሳባቸውም በመጽሐፍ ያነበቡትን የአውሮጳ ሥልጣኔ በዓይናቸው ለማየት፥ ካዩትም የሚቻለውን ያህል ቀስ በቀስ ወደ አገራቸው ለማስገባት፥ ሦስተኛም ለኢትዮጵያ የባሕር በር ለማግኘት ነበር። እንግዲህ ማየቱ ከመጀመሪያው የሥራ መጀመሪያ እንጂ የሥራ መጨረሻ ሆኖ እንዳልታሰበ ልብ ይሏል።

ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የባሕር በሩ ጉዳይ አልተሳካም። መንግሥታቱ በክብር ተቀበሉ፤ ሰልፍ አሳዩ፤ ግብር አገቡ፤ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለአልጋ ወራሹ የሕግ ዶክተርነት የክብር ማዕርግ ሰጠ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛም ከመቅደላ ከተዘረፉት ዘውዶች አንዱን ለንግሥት ዘውዲቱ መለሱ። ወደብ ግን ማንም አልሰጠም። የመቅደላው የወርቅ ዘውድም በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀረ። እንግዳ ተቀባይነትና የመንግሥት ጥቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልዑካኑ በዚህ ጉዞ ሳያውቁት አልቀሩም።

ስለ ሮማው ጉብኝት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ልዑካኑ በሰኔ ወር ወደ ሮማ ሲደርሱ ቤኒቶ ሙሶሊኒ የመንግሥቱ መሪ ነበር፤ አቀባበሉም የደመቀ ነበር። ነገር ግን በዚያው ወር በ3ኛው ቀን የፋሺስት ፓርቲ ተቃዋሚ የነበረው የፓርላማ አባል ጃኮሞ ማቴዎቲ በዚያችው ከተማ በፋሺስቶች ተጠልፎ ተገድሎ ነበር። አስከሬኑ የተገኘው በነሐሴ ወር ነው። እንግዶቹ የጥንቱን የሮማውያን ፍርስራሽ በሚያዩበት ሰዓት የኢጣልያ ነፃነት በዚያው ከተማ እየፈረሰ ነበር፤ ይህን ግን በፕሮግራም ላይ የሚጽፍ አስጐብኚ የለም። ከ11 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፥ ያ ደማቅ አቀባበል ያደረገው መንግሥት ኢትዮጵያን ወረረ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከጄኔቭ ደረሱ፤ ያን ጊዜ የሄዱት ግን ለጉብኝት ሳይሆን ለአቤቱታ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ጉዞ ለአገር የተረፈው ምንድን ነው? መልሱን ከክብሩና ከሰልፉ ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም። አልጋ ወራሹ በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም፥ በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ከደረሰው እልቂት የተረፉ የሙት ልጆች ሙዚቃ ሲመቱ ሰሙ። በዚህም ልባቸው ተነክቶ 40ውን ልጆች በኃላፊነት ተረክበው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪካችንም ከስማቸው ሊለይ አይችልም። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሲያዘጋጁ፥ ግጥሙን የደረሱት ከእኛው ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የወጡት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚላኩት ወጣቶች ቍጥርም ከዚያ ወዲህ እየበዛ ሄደ። ለአገር የጸናው ጥቅም የተገኘው ግንብና ሰልፍ ከማየት ሳይሆን፥ ያዩትን በራስ አገር ከመትከልና መንገድ ላይ ለተገኘ ችግረኛ ከማዘን ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፥ ንቁና አዲስ ነገር ወዳድ ሰው ነበሩ። ከመኳንንቱ ሁሉ ይልቅ ንግድ ያውቁ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሆቴልና ሲኒማ ቤት አቁመው ነበር፤ አውቶሞቢል ወደ ጎጃም በማስገባትም ስማቸው ይነሣል። በዚህ ረገድ ጉብኝቱ ከንቱ አልሆነባቸውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ የሚያስታውሳቸው በግብር ብዛት ነው። በቢቸናና በሞጣ፥ በደጀንና በየጥኖራ ያለው አራሽ ማሩን፥ እህሉንና ብሩን ገብሮ ጌታው ባሕር ተሻግረው አውሮጳን አዩ። ያን ጊዜ ሸዋንና ጎጃምን በሚለየው በረሃ በዓባይ ላይ አንድ የመኪና ድልድይ አልነበረም፤ ነጋዴው በክረምት ወንዙ ሲሞላ ወይ ይመለሳል፥ ወይ በዋናና በታንኳ ነፍሱን ለአዞና ለጎርፍ ይሰጣል። አውቶሞቢሉ ጎጃም ደረሰ፤ ለገበሬው መሻገሪያ የሚሆን ድልድይ ግን አልደረሰም።

ይህን የምንለው ያለፉትን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ከሥልጣን ወርደው ታስረዋል፤ በጠላት ወረራ ዘመን ስለ ሠሩት ሥራም ታሪክ የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። እኛ የምናነሣው የመንገዱን ስንቅ ነገር ነው። ያየ ሰው ዓይኑ ብቻውን አልተጓዘም፤ ስንቁን የቋጠሩለት ሰዎች አሉ። የእነርሱን ችግር በልቡ ይዞ የተጓዘ ሰው የፓሪስን ድልድይ ሲያይ ዓባይን ያስባል፤ የራሱን ክብር ብቻ ይዞ የተጓዘ ግን በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ሠረገላ ይመኛል። የጐብኚው ዕዳ የምንለው ይህን ነው።

ይህ ዕዳ የመሳፍንቱ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ በሕዝብ ገንዘብ ተልኮ ሲሄድ፥ ሥራው ሲያበቃ አንድ ቀን ለጉብኝት ይሰጠዋል። እኛም በሥራ ምክንያት በሎንዶን በሰነበትንበት ጊዜ እንዲህ ባለ ቀን ወደ ዊንዘር ከተማ ሄደናል። ዊንዘር ከሎንዶን በስተምዕራብ የምትገኝ፥ የእንግሊዝ ነገሥታት ግንብ ያለባት ከተማ ናት። አስጐብኚያችን ሽማግሌና ሥራውን አዋቂ ሰው ነበር፤ ስለ ግንቡ ዕድሜ፥ ስለ ዘብ ለውጡና በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ስለ ተቀበሩት ነገሥታት በሚገባ አስረዳን። የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ስም ግን አላነሣም። ስንጠይቀው ግን ደስ ብሎት፥ መታሰቢያው ወዳለበት ስፍራ ወሰደን፤ ሌሎቹም መንገደኞች ተከተሉን። እርሱም ታሪኩን እንድንነግራቸው ለመነን፤ እኛም በምናውቀው መጠን ነገርናቸው።

ልዑሉ በ1860 ዓ.ም. አባታቸው በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ በ7 ዓመታቸው በእንግሊዝ ጦር ተወሰዱ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። ልጁም በባዕድ አገር አድገው በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድም በዊንዘር ተቀበሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅማቸው እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ጠይቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጥያቄው እንደገና ሲነሣ፥ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያ የተቀበሩትን ሌሎች ሳይነኩ ዐፅሙን ማውጣት አይቻልም ሲል መልሷል። በ2011 ዓ.ም. ግን ከአፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቈረጠው ጠጕር ከሎንዶን ወደ አገሩ ተመልሷል። ስለ እነዚህ ነገሮች በአውቶቡሱ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንዱም ሰምቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ጐብኚ የሚያውቀው ነገር ካለ እርሱም በተራው አስጐብኚ ሊሆን ይችላል።

በሮማም ነገሩ ይመሳሰል ነበር። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ በሮማ አደባባይ የተተከለው የአክሱም ሐውልት፥ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የአባቶቻችን ሥራ፥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከከተማው ትዕይንቶች አንዱ ሆኖ ኖረ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን ለመመለስ ግዴታ ገብታ ነበር። በዚያ አደባባይ አጠገብ ባለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለስብሰባ የሚሄዱት ኢትዮጵያውያን ሐውልቱን በመስኮት እያዩ ይሠሩ ነበር። አይተው ዝም አላሉም፤ መንግሥትም፥ ሊቃውንትም፥ ሕዝብም ሳይሰለቹ ጠየቁ። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ያዩትን ሳይረሱ የመጠየቅ ፍሬ ይህን ይመስላል።

በመጀመሪያ እንገልጸዋለን ያልነው ምክንያት እነሆ። እስካሁን የተናገርነው እኛ ሄደን ስላየነው ነው፤ የየጥኖራ ሰው ግን መታየትንም ያውቃል። የጥኖራ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን በዚያ የተቋቋመው የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር በአገሩ ሁሉ እንደ አርአያ ስሙ ይጠራ ነበር። መንግሥት የግብርናውን አዲስ ሥርዓት ለማሳየት ሲፈልግ የሚያሳየው እንዲህ ያለውን ማኅበር ነበር። እንግዳ መጥቶ የሰብሉን ማማርና የሥራውን ስምረት ያያል፤ ያየውም ሐሰት አይደለም፤ ሰብሉ እውነተኛ ሰብል፥ ላቡም እውነተኛ ላብ ነበር። ነገር ግን ገበሬው ስለ ገዛ መሬቱ በልቡ የሚያስበው ነገር በአንድ ቀን ጉብኝት አይታይም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ፥ አባል የመሆንና ያለመሆን ነገር ለገበሬው ፈቃድ ሲተው፥ በኢትዮጵያ የነበሩት አምራች ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ በገዛ አባሎቻቸው ፈረሱ። ብዙ ዓመት ያየውና በሪፖርት የጻፈው ጐብኚ ሁሉ ያልሰማውን፥ ገበሬው በአንድ ወቅት ተናገረው። ስለዚህ እኛ በአውሮጳ ያማረ እርሻ ወይም ያማረ ፋብሪካ ስንታይ፥ በዚያ ቆሞ ፈገግ ብሎ የሚያሳየንን ሠራተኛ ስናይ፥ የራሳችንን አባቶች እናስታውሳለን፤ ቢቻልም አንድ ጥያቄ ለብቻው እንጠይቀዋለን።

ዛሬ ደግሞ አገራችን ራስዋ የሙሉ ቀን ጉብኝት መዳረሻ ሆናለች። ከአዲስ አበባ በማለዳ የሚነሣ እንግዳ ደብረ ሊባኖስን አይቶ፥ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ደርሶ፥ በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል። በደብረ ሊባኖስ የገዳሙ ጥንታዊነት ይነገረዋል፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ስለ ተረሸኑት መነኮሳትና ምእመናን ግን አስጐብኚው ካልተጠየቀ ላይነግረው ይችላል። ከበረሃው አፋፍ ቆሞ ገደሉን ካደነቀ በኋላ መኪናው ይመለሳል። ከወንዙ ወዲያ ማዶ፥ በቢቸና አውራጃ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቃውንት መፍለቂያ የሆነችው ዲማ ጊዮርጊስ፥ ጥንታዊቷ ደብረ ወርቅ ማርያም፥ ወደ ሞጣ አቅጣጫም በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእቴጌ እሌኒ የታነፀችው መርጡለ ማርያም እንዳሉ ሳይሰማ ይሄዳል። ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩት በእነዚህ አድባራት ነው። የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለእኛ ተስማሚ ነው፤ የሚታይ ሞልቶን የሚያሳይ አጥተናልና።

ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ደግሞ ለጽሑፋችን መደምደሚያ የሚሆን ታሪክ አለው። ድልድዩ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ፥ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ ነበር። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ቅስቱ ከተሰበረ በኋላ፥ የሁለቱ አገር ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በገመድ ታስረው ከአንዱ ስባሪ ወደ ሌላው እየተሳቡ ይሻገሩ ነበር። ይህን ትዕይንት ያዩ መንገደኞች ብዙ ናቸው፤ አድንቀውም አዝነውም ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሰዎቹን በገመድ መሳብ በአንድ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ አየ። ድልድዩን ለማስጠገን ቆርጦ ተነሣ፤ በዓመቱም ከረዳቶቹና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ አስጠገነው። የጥገናውን ሥራ በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም፥ በስፍራው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከዚያች ፎቶግራፍ የተነሣው ድርጅትም በብዙ ድኻ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሲሠራ ኖሯል። ይህ ሰው ሥራውን በጀመረ ጊዜ ዓባይን በዓይኑ አላየም፤ ያየው ወረቀት ነው። ሆኖም በስፍራው ቆመው ካዩት ሁሉ ይልቅ አየ።

ስለዚህ ለሚጓዙት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ምክራችን አጭር ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚያያትን ከተማ ታሪክና በዚያ ያለውን የአገሩን ቅርስ ያንብብ፤ በዚያም ሲደርስ የሚታየውን በአክብሮት ይመልከት፥ ያልታየውንም በትሕትና ይጠይቅ፤ ሲመለስ ደግሞ ለጓደኞቹ ሥዕል ብቻ አያሳይ፤ በመሥሪያ ቤቱ፥ በትምህርት ቤቱ ወይም በተወለደበት ወረዳ ካየው አንዲቱን ነገር፥ ትንሽም ብትሆን፥ ይትከል። በቢቸናና በሞጣ ያሉ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው የአድባራቱንና የድልድዩን ታሪክ ቢያስተምሩ፥ ነገ እንግዳ ሲመጣ የሚመራው የዚያው አገር ልጅ ይሆናል፤ የሚከፈለውም ዋጋ በዚያው አገር ይቀራል።

አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ሰው ግን ማደሪያ አለው፤ ስንቁን የቋጠሩለት ሰዎች የሚጠብቁት በዚያ ነው። ሲመለስ ምን አየህ ብለው ይጠይቁታል፤ ቀጥለውም ለእኛ የሚሆን ምን አገኘህ ይሉታል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ጐብኚ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን የሚመልስ ግን ዕዳውን የከፈለ ሰው ነው።